የጓሮውን ሌባ በዱካው እንወቅ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። የጓሮ ጥበቃችንም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ነው። ስኳር ድንቹ ከተቆፈረ፣ ጎመኑ ከተበላ በኋላ እንጮሃለን። ሌባው ግን ሄዷል። ማን እንደሆነም አላየነውም።

እኔ ፊደል ለማስተማር ወደ ጂንካ አካባቢ የመጣሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ያደግሁት ከተማ ነው። ጃርት የማውቀው በሥዕል ብቻ ነበር። ስለ ጓሮ ጥበቃ ብዙውን ያስተማሩኝ እዚህ ያገኘኋቸው ገበሬዎች ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከማታ ተማሪዎቼ መካከል አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን መጻፍ ከጀመሩ ገና ሁለት ሳምንታቸው ነበር። ድንገት መምጣት አቆሙ። ቤታቸው ሄጄ ምን እንደገጠማቸው ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ሌሊቱን ጓሮ ስጠብቅ አድሬ ፊደሉ እንዴት ይገባኛል?» አሉኝ። የስኳር ድንቹ መደብ ግማሹ ተገልብጧል። ጎደሬውም ተነክቷል። በቆሎው እስኪደርስ ቤተሰቡ ተስፋ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ባለቤታቸውም ተናደው «ነገ መርዝ ገዝቼ እነሰንሳለሁ» ይላሉ።

እኔም ሳላውቅ «ይሄ የዝንጀሮ ሥራ ነው» አልኩ። አንድ ጎረቤት አዛውንት ሳቁብኝ። «ዝንጀሮ ሌሊት ይሠራል እንዴ? ሲመሽ እኮ ወደ ማደሪያው ይሄዳል» አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከአጥሩ ሥር ጥቁርና ነጭ እሾህ አነሡ። «ይኸው፣ ሌባው ፊርማውን ትቶልናል!» አሉ። ሌባው ጃርት ነበር።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ዱካም እንደ ፊደል ይነበባል። አጥር ከማጠራችን፣ ወጥመድ ከማጥመዳችን በፊት የመጣውን እንስሳ እንወቅ። ለአንዱ የሚሠራው መከላከያ ለሌላው አይሠራምና።

ጃርት

ጃርት ቀን ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ሲጨልም ወጥቶ ሥራ ሥር ይፈልጋል። ስኳር ድንች፣ ጎደሬ፣ ካሳቫ ይወዳል። ትልቁ ጃርት እስከ 20 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት የሚያጠፋው ቀላል አይደለም። ምልክቱ የተቆፈረ አፈር፣ በጥርስ የተገመጠ ሥር፣ አንዳንዴም የወደቀ እሾህ ነው።

ብዙ ሰው «ጃርት እሾሁን እንደ ጦር ይወረውራል» ይላል። ይህ እውነት አይደለም። እሾሁ በቀላሉ ይነቀላል። ጃርቱ ሲደነግጥ እሾሁን አቁሞ ወደ ኋላ ይሮጣል። የተጠጋውን ውሻ የሚወጋው በዚህ ጊዜ ነው።

ጃርት ጎበዝ ቆፋሪ ነው። አጥር ላይ መውጣት ግን አይሆንለትም። ስለዚህ ለጃርት የሚታጠር አጥር በጣም ረጅም መሆን የለበትም። ከታች ይጥበቅ። በአጥሩ ሥር አንድ ክንድ የሚጠልቅ ቦይ ቆፍሩ። ድንጋይ ደርድሩበት። አፈሩን መልሳችሁ በደንብ ጠቅጥቁት። እንጨቱን አጠጋግታችሁ ትከሉ። በዙሪያው ያለውን ቁጥቋጦም መንጥሩ። ያን ጊዜ መደበቂያ ያጣል።

ፍልፈል

ፍልፈል የሚኖረው ከመሬት በታች ነው። የሚበላውም ከሥር ነው። ተክሉ ደህና የቆመ ይመስላል፤ ሲነኩት ግን ሥር የለውም። ምልክቱ በየቦታው የተቆለለ አዲስ አፈር ነው።

ለፍልፈል ተራ አጥር አይረባም። መተላለፊያውን ፈልጋችሁ በዶማ ክፈቱት። ፍልፈል ቀዳዳው ሲከፈትበት ሊደፍነው ይመጣል። ወጥመዱ የሚቀመጠው እዚያው ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ጉድጓድ የሚኖረው አንድ ፍልፈል ብቻ ነው። እሱ ከተያዘ መደቡ ያርፋል። ሆኖም ሌላ ሊገባበት ስለሚችል የአፈሩን ክምር መከታተል ያስፈልጋል።

ዝንጀሮና ጦጣ

እነዚህ የቀን ሌቦች ናቸው። በመንጋ ይመጣሉ። ማንኛውንም አጥር ይወጣሉ። ሰው መኖር አለመኖሩን አይተው ነው የሚገቡት። ገለባ የተሞላ ማስፈራሪያ ለጥቂት ቀን ያስፈራቸዋል። ቦታው ካልተለወጠ ግን ይለምዱታል። ዋናው መድኃኒት ማማ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው።

አተካከሉም ይረዳል። የሚወዱትን በቆሎና ስኳር ድንች ወደ ቤት አስጠጉ። ከጫካው ወገን ባለው ዳር ላይ በርበሬ ትከሉ። በርበሬ የሚያቃጥል ስለሆነ እንደ በቆሎው አያጓጓቸውም።

ድኩላና ከርከሮ

ድኩላ የሸኮና ምልክትና የተቀነጠሰ ቅጠል ይተዋል። ጥሩ ዘላይ ስለሆነ ከሰው ቁመት የማያንስ የእሾህ አጥር ያስፈልገዋል። ከርከሮ ደግሞ መሬቱን በአፍንጫው ያርሰዋል። ለእሱ ከአጥሩ ውጪ ጥልቅ ቦይ ቆፍሩ። በአጥሩ ላይ አጋም ወይም የቃጫ ተክል ብትተክሉበት ከዓመት ዓመት እየጠነከረ ይሄዳል። የተቆረጠ እሾህ ግን ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይበላዋል።

ስለ መርዝ

መርዝ ሌባውን ከባለቤቱ አይለይም። በስኳር ድንች ላይ የተደረገ መርዝ ውሻም ይበላዋል፤ ዶሮም ትለቅመዋለች። የማያውቅ ሕፃንም አፉ ውስጥ ሊከተው ይችላል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ አጥቦ ወደ ምንጩ ይወስደዋል። መርዝ የበላችውን አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለች። ጉጉትም እንዲሁ። ጉጉትን ክፉ ወሬ ታመጣለች ብለው የሚያባርሯት አሉ። እርሷ ግን ሌሊቱን ሙሉ አይጥ የምታድን የገበሬ ወዳጅ ናት።

ሌላም ነገር አለ። የማጎ ብሔራዊ ፓርክ ከጂንካ ሩቅ አይደለም። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ተከልክሏል። ጉዳቱ ከአቅም በላይ ከሆነ ለቀበሌና ለግብርና ባለሙያ ማመልከት ይገባል።

አንድ ሰው ብቻውን አይችልም

ወደ እናታችን ጓሮ እንመለስ። ባለቤታቸው መርዙን ተዉት። ጎረቤቶች ተጠራርተው መጡ። ግማሹ ቦይ ቆፈረ፤ ግማሹ ድንጋይ አመጣ። እኔም ዶማ ይዤ እጄ ተላጠ። በሦስት ቀን ሥራው አለቀ። ጃርቱ ግን ወዲያው ተስፋ አልቆረጠም። በአራተኛው ሌሊት ባልተጠቀጠቀ አንድ ጥግ ገብቶ ጥቂት ሥር በላ። ጠዋት ያንን ጥግ ደፈኑት። ከዚያ በኋላ ባየሁት ጊዜ ሁሉ መደቡ አልተነካም።

የቀን ጥበቃውንም በተራ አደረጉት። ቀድሞ ማማ ላይ የሚውሉት ልጆች ነበሩ። ልጅ ሁልጊዜ ዝንጀሮ ሲጠብቅ ከዋለ መቼ ይማራል? አሁን ዐዋቂዎች ተራ ገብተዋል፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

እናታችንም ወደ ማታ ትምህርታቸው ተመለሱ። በመጀመሪያው ምሽት «ዛሬ የምጽፈውን እኔ ልምረጥ» አሉ። ጠመኔውን ይዘው በሰሌዳው ላይ ቀስ ብለው «ጃርት» ብለው ጻፉ። ሁላችንም ሳቅን።

ጥያቄዎች

1. በጓሮአችሁ የደረሰው ጉዳት በቀን ነው ወይስ በሌሊት? ምልክቱስ ምንድን ነው?
2. ለጃርት የሚሠራ አጥር ለዝንጀሮ የማይበቃው ለምንድን ነው?
3. መርዝ ከሌባው ሌላ ማንን ሊጎዳ ይችላል?
4. ከጎረቤቶቻችሁ ጋር የጥበቃ ተራ ለማውጣት ተመካከሩ። የተራውንም ዝርዝር ራሳችሁ ጻፉ።