ጥርት ያለ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ቤተሰብ የጣርማ በርን ብርድ አልፎ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሹራቡን ያወልቃል። ልጆችም «ውኃ ጠማን» ማለት ይጀምራሉ። ዘመድ ቤት ከተገባ ደግሞ ከጉድጓድ ወይም ከምንጭ የተቀዳ፣ ጥርት ያለ ውኃ በጆግ ይቀርባል። ይጠጣ ወይስ ይቅር?

ዓይንና ምላስ ይህን አይመልሱም። መታወቅ ያለባቸው ነገሮች ሁለት ናቸው።

አንደኛው ጀርም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ኢ-ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ጨርሶ መገኘት እንደሌለበት ያስቀምጣል። ጀርም አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ እንኳ ያሳምማል፤ ነገር ግን ውኃውን በማፍላት ወይም በክሎሪን በማከም ይጠፋል።

ሁለተኛው ውኃው ከአለት አሟሙቶ የሚያመጣው ማዕድን ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም በልኩ ይጠቅማሉ። ፍሎራይድ ግን በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም ካለፈና ለዓመታት ከተጠጣ፣ በተለይ ዕድሜያቸው ከ8 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ጥርስ በማይለቅ ቡናማ ቀለም ያበላሻል፤ መጠኑ ሲበዛ አጥንትንም ይጎዳል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለው በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ይህ በጥናት ተመዝግቧል። የይፋት ቆላም በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ይገኛል። ይህ ሲባል ውኃው ሁሉ ፍሎራይድ ይበዛበታል ማለት አይደለም፤ ጎን ለጎን ያሉ ጉድጓዶች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው።

ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ክምችቱ ይጨምራል። ቲዲኤስ የሚባለው ትንሽ መለኪያም በውኃው የሟሟውን ጠቅላላ መጠን እንጂ ጀርምን ወይም ፍሎራይድን ለይቶ አያሳይም።

ስለዚህ ለሁለት ቀን እንግዳ የሚያሰጋው ጀርሙ ነው፤ አፍልቶ መጠጣት ይበቃዋል። ያንኑ ውኃ በየቀኑ ለሚጠጣው የአክስት ልጅ ግን ማዕድኑም መታወቅ አለበት። በቅድሚያ ምንጩ ተመርምሮ እንደሆነ የወረዳውን ውኃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ካልተመረመረ፦

• ለማዕድን ምርመራ፣ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ በዚያው ውኃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው ይሙሉ።
• ለጀርም ምርመራ፣ ላቦራቶሪው የሚሰጠውን ከጀርም የጸዳ ጠርሙስ ይጠቀሙ፤ በበረዶ አቀዝቅዘው በ24 ሰዓት ውስጥ ያድርሱ።
• ጎርፍ ወደ ጉድጓድ ስለሚገባ የጀርሙን ምርመራ ከክረምት በኋላ ይድገሙ።

ለልጆችዎ የታሸገ ውኃ ጭነው እንደሚሄዱ ሁሉ፣ ሲመለሱ የዘመድዎን ውኃ ለምርመራ ይዘው ይምጡ። ውጤቱን በስልክ ሲነግሯቸው ከማንኛውም ስጦታ ይበልጣል።