ነፋሱ ባሕሩን፣ ባሕሩ ነፋሱን

በሐምሌ የሶማሊያ ባሕር ለጀልባ አይመችም። ከደቡብ የሚነሳው ነፋስ የምድር ወገብን ተሻግሮ፣ የምሥራቅ አፍሪካን ደጋ ታኮ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይምዘገዘጋል። ነጋዴ ጀልባዎች ከጥንት ጀምሮ በዚህ ወቅት ወደብ ይከታሉ። ስለዚህ ነፋሱ በሚበረታበት ጊዜ የሚለካው ሰው ይጠፋ ነበር።

ክፍተቱን የሞላው ስካተሮሜትር የተባለው የሳተላይት ራዳር ነው። መሣሪያው ነፋሱን በቀጥታ አያየውም። ማይክሮዌቭ በሰያፍ ወደ ባሕሩ ይልክና ምን ያህሉ እንደተመለሰ ይለካል። ውኃው እንደ መስታወት ለጥ ካለ ጨረሩ ነጥሮ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያልፋል። ነፋስ ሲነሳ ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሞገዶች ገጹን ያሻክሩታል፤ ከጨረሩም ከፊሉ ወደ ሳተላይቱ ይመለሳል። ነፋሱ በበረታ ቁጥር የሚመለሰው ይጨምራል። አቅጣጫውን ለማወቅ ደግሞ አንዱን ቦታ ከተለያየ ማዕዘን ማየት ግድ ነው።

ናሳ እ.ኤ.አ. በ1999 ያመጠቀው ኩዊክስካት 1,800 ኪሎ ሜትር ስፋት እየቃኘ በቀን 90 በመቶ የሚሆነውን ውቅያኖስ ይሸፍን ነበር። ደመና አያግደውም፤ ከባድ ዝናብ ግን ንባቡን ያዛባበታል። አንቴናው በ2009 መሽከርከር ካቆመ በኋላም የአውሮፓ ሜቶፕ ሳተላይቶች በአስካት ራዳራቸው ልኬቱን ቀጥለዋል።

በሶማሊያ ጠረፍ የታየው ነገር አስገራሚ ነው። ነፋሱ ጠረፉን ይዞ ሲነፍስ፣ በምድር መሽከርከር ምክንያት የላይኛው ውኃ ወደ ቀኝ፣ ማለትም ወደ ውቅያኖሱ ይገፋል። በምትኩ ለባሕር ሕይወት ምግብ የሚሆን ንጥረ ነገር የያዘ ቀዝቃዛ ውኃ ከጥልቁ ይወጣል። የኩዊክስካት ካርታ ላይ ታዲያ ነፋሱ ከዚህ ቀዝቃዛ ውኃ በላይ ሲደርስ ይዳከማል። ቀዝቃዛው ውኃ ከላዩ ያለውን አየር አቀዝቅዞ ስለሚያረጋጋው፣ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ፈጣን ነፋስ እንደ ልቡ ወደ ገጹ መውረድ አይችልም። ነፋሱ ያወጣው ውኃ መልሶ ነፋሱን ይገታዋል ማለት ነው።

ይህ ለትንበያ ባለሙያዎች ትልቅ ትርጉም አለው። የባሕሩን ሙቀት ነፋሱ የሚወስነው፣ ነፋሱንም ሙቀቱ የሚለውጠው ከሆነ፣ የአየር ትንበያ ሞዴል ሁለቱን ለየብቻ ማስላቱ አያዋጣውም።