ባዶ መጥበሻና የበቀቀን ሳንባ

ቴፍሎን መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ቢረሳ፣ የቤቱ ሰው ምንም ሳይሰማው ሳሎን የተቀመጠው በቀቀን ሊሞት ይችላል። ማጋነን አይደለም፤ የእንስሳት ሐኪሞች ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲያስጠነቅቁበት ኖረዋል። ዛሬም ወፎች በዚሁ የሚሞቱት አሳዳጊው የቤቱን አየር በራሱ አፍንጫ ስለሚለካው ይመስለኛል። የሰው አፍንጫ ደግሞ ለዚህ አይበቃም።

ምክንያቱ ያለው አተነፋፈሱ ላይ ነው። የእኛ ሳንባ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፤ አየሩም በገባበት ይወጣል፤ አዲሱ ከተረፈው አሮጌ አየር ጋር ይቀላቀላል። የወፍ ሳንባ ግን እምብዛም አይለጠጥም። አየሩን የሚያመላልሱለት በሰውነቱ ውስጥ የተዘረጉ፣ በአብዛኞቹ ወፎች ዘጠኝ የሆኑ የአየር ከረጢቶች ናቸው። በእነሱ ኃይል አየሩ በሳንባው ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈሳል፤ ወፉ ሲስብም ሲያስወጣም ሳንባው ኦክስጅን ይወስዳል። ደሙን ከአየሩ የሚለየው ግድግዳም በክብደት ከሚመጣጠነው አጥቢ እንስሳ የሳሳ ነው። ለበረራ የሚሆነውን ጉልበት የሚያስገኝለት ይህ ድንቅ አሠራር፣ አየሩ ሲመረዝ መርዙንም በዚያው ፍጥነት ወደ ደሙ ያደርሳል።

ይህ ፈጥኖ መመረዝ በአንድ ወቅት ለሰው ማስጠንቀቂያ ሆኖ አገልግሏል። ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለው የብሪታንያ ሳይንቲስት በ1890ዎቹ የከሰል ማዕድን ፍንዳታዎችን መርምሮ፣ ብዙዎቹን ሠራተኞች የገደለው ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አሳየ፤ ትናንሽ እንስሳት ይዘው እንዲወርዱም መከረ። በዚህ መነሻ ካናሪ ወፎች በብሪታንያ ጉድጓዶች ውስጥ እስከ 1986 አገልግለዋል። ካናሪዋ ስትዝለፈለፍ ሠራተኛው ለመሸሽ ጊዜ ያገኝ ነበር።

ወደ መጥበሻው እንመለስ። ሮይ ፕላንኬት በ1938 ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ ሳያስበው ያገኘው ቴፍሎን፣ ማለትም የመጥበሻው ሽፋን፣ በተለመደው የማብሰያ ሙቀት ጉዳት የለውም። ሙቀቱ ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲያልፍ ግን መፈራረስ ይጀምራል። የሚወጡት ጋዞችና ደቃቅ ብናኞች የወፉን ሳንባ ያደሙታል፣ በፈሳሽም ይሞሉታል። ሰው ብዙ ከሳበው እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳት ይይዘውና ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል። ዘይት ያለበት መጥበሻ ከዚያ በፊት ጭሶ ያስጠነቅቃል፤ ባዶው ግን ብርቱ እሳት ላይ በጥቂት ደቂቃ እዚያ ይደርሳል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን እንጀራ ከሚጋግሩባቸው የኤሌክትሪክ ምጣዶች መካከልም ይኸው ሽፋን ያላቸው አሉ፤ ባዶውን እንዲግል ተሰክቶ የሚረሳ ምጣድ ከመጥበሻው አይለይም። የልብስ መተኮሻ፣ የክፍል ማሞቂያ፣ የማሞቂያ አምፖልም ይህ ሽፋን ሊኖራቸው ስለሚችል ሲገዙ መጠየቅ ይገባል። የወጥ ቤቱን በር መዝጋት ብቻ አያድንም፤ አየሩ በበሩ ሥርም በማሞቂያው ቱቦም ይዞራል። ወፍ ባለበት ቤት የብረት መጥበሻና የሸክላ ምጣድ ይሻላሉ።

ስለ ቡናችንም መናገር አለብኝ። የከሰል ፍም ያንኑ የማዕድን ጉድጓዱን ጋዝ ያወጣል፤ በዝግ ቤት ሰውንም ይገድላል። የዕጣኑም፣ በዓረብ አገሮች የሚጤሰው የበኹርም፣ የሚቆላው ቡናም ጭስ ለበቀቀን ሳንባ ከባድ ነው። ቡናው ይቅር አልልም። ቡናው በረንዳ ላይ ቢቆላ፣ ዕጣኑም እዚያው ቢጤስ፣ ቤቱ በደንብ ተናፍሶ ወፉ ቢገባ ሥርዓቱ አይጎድልም። አየር ማጣሪያ መሣሪያ ብናኝ ይይዛል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስቀርም፤ ስለዚህ መስኮቱን አይተካም።

የትንኝ መርጫ፣ የፀጉር ስፕሬይና ሲጋራ ወፉ ባለበት ቤት ቦታ የላቸውም። በረኪና ከአሞኒያ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ የሚወጣው ጋዝ ለማንም ሳንባ አይሆንም።

በቀቀን ሕመሙን ይደብቃል። አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ፣ በያንዳንዱ ትንፋሽ ጅራቱ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ከመቆሚያው ሲንገዳገድ ከታየ ብዙ ጊዜ የለም። መጀመሪያ ወፉን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ምድጃውን ማጥፋት፣ ወዲያው ሐኪም ጋ መሮጥ ነው። ለቴፍሎን ጢስ ማርከሻ መድኃኒት የለም፤ ሐኪሙ ኦክስጅን እየሰጠ ሳንባውን ለማትረፍ ይታገላል። ቤት ውስጥ ምን ሲግል ወይም ሲጨስ እንደነበር ገና ከስልኩ ጀምሮ ይነገረው፤ ያለበለዚያ ውድ ደቂቃዎችን ተላላፊ በሽታ ሲፈልግ ያጠፋል።