ዊንዶው 10 ካበቃ በኋላ፦ የአሮጌ ላፕቶፕ ባለቤት ምን ይልመድ?

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶው 10 በነፃ ይሰጠው የነበረውን የደኅንነት ማሻሻያ አቆመ። ተተኪው ዊንዶው 11 የሚቀበለው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ወይም አቻውን፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ እና ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም ያለውን ማሽን ነው። በአዊ ዞን፣ እንጅባራና ዳንግላ ውስጥ፣ በተማሪ ጉያና በፎቶ ኮፒ ቤት ጠረጴዛ ላይ ካለው ላፕቶፕ መካከል፣ ውጭ አገር አገልግሎ የመጣ፣ ባትሪው ሞቶ ከሶኬት ከተነቀለ የሚጠፋ ዓይነቱ ባብዛኛው ይህን መመዘኛ አያልፍም። እንዲህ ያለው ማሽን ባለቤት ባለበት መቀጠል፣ ሌላ መግዛት ወይም እንደ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ያለ ነፃ የሊኑክስ ሲስተም መጫን ይችላል። ሦስተኛው ሐሳብ በተነሳ ቁጥር “ማን ይለምደዋል?” የሚል መልስ ይከተለዋል። እኔ ጥያቄው ያለቦታው የቆመ ይመስለኛል። ቁልፉና ሜኑው በቀናት ይለመዳል። የሚያስቸግረው ፊደላችን እና ከሌላ ሰው ጋር የምንቀባበለው ፋይል ነው።

የሜኑው ታሪክ ረጅም ቢሆንም ለእኛ ጉዳይ ጥቂቱ ይበቃል። መስኮት፣ ማውዝና ሥዕላዊ ምልክት እ.ኤ.አ. በ1973 ዜሮክስ በሠራው አልቶ ላይ ታዩ፣ በ1984 በማኪንቶሽ በኩል ወደ ሰፊው ገበያ ገቡ፣ በዊንዶው 95 ደግሞ “ስታርት” የሚባለው ቁልፍ ከታች በስተግራ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ፣ አንድሮይድንም ጨምሮ፣ የእነዚህ ዘመድ ነው። ሚንት የሜኑ ቁልፉን ያስቀመጠው እዚያው ከታች በስተግራ ነው። ኮንትሮል ሲ ይገለብጣል፣ ኮንትሮል ቪ ይለጥፋል፣ ኮንትሮል ኤስ ያስቀምጣል። ኪቦርዱን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለማዞር ዊንዶው 10 ላይ የዊንዶው ቁልፍና ስፔስ አብረው ይጫናሉ፤ ኡቡንቱ ላይም እነዚያው ሁለት ቁልፎች ናቸው። እንዲያውም ትልቁን ድንጋጤ የፈጠረው ራሱ ማይክሮሶፍት ነበር። በ2012 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ዊንዶው 8 የስታርት ቁልፉን አንስቶ ተጠቃሚውን ሲያደናግር ቆየና በዓመቱ መለሰው። ያን ጊዜ ግን ዊንዶውን ትቶ የሄደ ብዙ ሰው አልነበረም፤ ለመደው። የማክንና የክሮም ኦኤስን ነገር እዚህ እዘለዋለሁ፤ የመጀመሪያው ከኪስ አቅም በላይ ነው፣ ሁለተኛው ያለ ኢንተርኔት ጎዶሎ ነው። የአማራ ክልል ሰው ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ለወራት የሞባይል ዳታ ተቋርጦበት መኖርን ያውቀዋል።

ሰው የማያውቀውን ሲስተም ያለ አስተማሪ ይለምዳል ወይ ለሚለው ጥያቄ በዓለም ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ከእኛው አገር መገኘቱ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ2012 “ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ” የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ሃያ ሃያ ሞቶሮላ ታብሌት፣ ከነ ሶላር መሙያው፣ ከእነካርቶኑ አስቀምጦ ሄደ። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት በአንድ ጉባኤ ላይ እንደተናገረው አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕሊኬሽን ይከፍት ነበር፤ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል ዘፈን ይዘፍኑ ጀመር፤ በአምስት ወር ደግሞ አንድሮይድን “ሰበሩት”። ተሰበረ የተባለው ነገር ሲታይ፣ ባለሙያዎቹ የገጹን አቀማመጥ እንዳይቀየር ቆልፈውት ነበር፣ ካሜራውም ተዘግቶ ነበር፤ ልጆቹ ሁለቱንም ከፈቱ። ይህን ሰብሮ መግባት ማለት ማጋነን ነው። ነገሩ የተሰማውም ከባለቤቱ አፍ፣ በመድረክ ላይ ነው፤ ታብሌት ካልተሰጣቸው ልጆች ጋር የተነጻጸረበት ጥናት በጊዜው አልቀረበም። ቢሆንም ወሬው ሲያብጥ ዋናው ቁም ነገር ጠፋ። የተዘጋ ካሜራ ፈልጎ መክፈት፣ የራስን ገጽ እንደ ፍላጎት መደርደር፣ ይኸው ነው የአንድ ሲስተም መሠረታዊ አያያዝ። እንግሊዝኛ ባዕድ የሆነባቸው ልጆች ያንን በነካ ነካ ካገኙት፣ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ የሊኑክስን ሜኑ አይችለውም ማለት አያስኬድም። ልጆቹ ያልነኩት ግን አንድ ነገር አለ፤ በራሳቸው ቋንቋ ለሌላ ሰው የሚነበብ ጽሑፍ ጽፎ መላክ ከሙከራው ውስጥ አልነበረም።

ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ዊንዶው ደግሞ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ የመጣው በ2007 በቪስታ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሥራ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ፣ የእንግሊዝኛን ፊደል ቦታ ተውሰው አማርኛ በሚስሉ ፎንቶች ይሠራ ነበር፤ ልማዱም በቀላሉ አልለቀቀም። በእንዲህ ያለ ፎንት የተጻፈ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ በፍላሽ መጥቶ ሊኑክስ ላይ ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደልና የነጥብ ትርምስ ነው። ፋይሉ አልተበላሸም፣ ፎንቱ ነው የሌለው። ደንበኛው ግን ሲስተሙን ይረግማል። ፓወር ግዕዝን የለመደ ጸሐፊም፣ ለዊንዶው የተሠራ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ስለሆነ፣ ሊኑክስ ላይ አያገኘውም። ኪማን የተባለው ነፃ የኪቦርድ ፕሮግራም በሁለቱም ሲስተም ይሠራል፣ ለአማርኛ ብቻ ሳይሆን ለአዊኛና ለኽምጣኛም ኪቦርድ አለው። ይህ ለአዊ ዞን ትንሽ ነገር አይደለም፤ አዊኛ አማርኛ የማያውቀው የ“ጘ” ዘር ያስፈልገዋል፣ አዊኛ የሚያዘጋጅ መምህርም “ጘ”ን ፍለጋ ከሌላ ገጽ እየገለበጠ መለጠፍ የለበትም።

“ፈተናውም ቢሮውም ዊንዶው ነው፤ ተማሪውን ለምን እናስቸግራለን?” የሚል ተቃውሞ ይመጣል። ግማሹ እውነት ነው። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲንም ጨምሮ፣ በኮምፒውተር ይሰጣል፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ሆኗል። ፈተናው የሚጠይቀው ግን ምርጫ ላይ ጠቅ ማድረግ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ማለፍና መልስን ሳያጠፉ መመለስ ነው። ይህን በሊኑክስ የተለማመደ እጅ ዊንዶው ላይ አይጠፋበትም፤ ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ግን በሁለቱም ይጠፋበታል። የቢሮው ነገር የባሰ ነው፤ ሠንጠረዥ የበዛበት የወርድ ደብዳቤ ሊኑክስ ላይ በሚገኘው ሊብሬ ኦፊስ ሲከፈት አንዳንዴ መስመሩ ይዛነፋል፣ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ወደ ቀጣዩ ገጽ ይሸሻል። ጽሕፈት እንጀራው የሆነ ሰው ስለዚህ ሁለቱን ሲስተም ጎን ለጎን ቢይዝ አልፈርድበትም።

ሌላው ተቃውሞ “ዊንዶው 10 መሥራቱን አላቆመም፣ ክራኩም አለ” የሚል ነው። ልክ ነው፣ አላቆመም። ኢንተርኔት ብርቅ ለሆነበት ማሽን አደጋው ባብዛኛው የሚገባው በፍላሽ ነው። ፎልደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚለውጠውን ቫይረስ የማያውቅ ፎቶ ኮፒ ቤት የለም። ያ ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶው ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይነሳም፣ የተደበቀው ፋይልም እንዳለ ይታያል። ማይክሮሶፍት እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የዘረጋው ተጨማሪ ማሻሻያ ደግሞ በማይክሮሶፍት አካውንት መግባትን ይጠይቃል።

ለመቀየር የቆረጠ ሰው መጀመሪያ ሳይጭን መሞከር ይችላል፤ ኡቡንቱም ሚንትም ከፍላሽ ላይ ተነስተው ይሠራሉ። ኤችፒ ላፕቶፕ ሲበራ ኤፍ 9፣ ዴል ከሆነ ኤፍ 12 ተጭኖ ፍላሹን መምረጥ ነው። ሚንት 2 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፣ በ4 ግን ደህና ይራመዳል። ፎርማት ከማስደረግ በፊት ግን በአሮጌ ፎንት የተጻፈው ሁሉ፣ ዊንዶውና ፓወር ግዕዙ ገና እያሉ፣ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር፤ መልኩ እንዳይዛባ የሚፈለገውም በፒዲኤፍ ይቀመጥ። ሥራው ከመጫኑ ይልቅ ይህ ነው፤ መጫኑስ ከሰዓት አያልፍም።