ቁርጡ እስኪታወቅ

ዘጋቢ ፕሮግራም፤ የተራኪ ጽሑፍ

ምስል፦ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከማኅደር። የሙቀት መለኪያ የያዙ ባለሙያዎች፣ ጭምብል ያጠለቁ መንገደኞች።

ተራኪ፦
ጥር 2012 ዓ.ም.። ዉሃን የሚባለው ከተማ ስም ለጆሯችን ገና አዲስ ነበር። ከዚያ የመጡ አራት ተማሪዎች በኮሮና ቫይረስ ተጠርጥረው ቦሌ ጨፌ ወደተዘጋጀው ለይቶ ማቆያ ገቡ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ናሙናቸውን ወሰደ። ቀድሞ የሚታወቁትን የኮሮና ቫይረስ ዓይነቶች እዚሁ መረመረ፤ አልተገኘባቸውም። አዲሱን ቫይረስ ለይቶ የሚያውቅ ላቦራቶሪ ግን ያኔ በአገራችን አልነበረም። ከመላው አፍሪካ ይህን ማድረግ ይችሉ የነበሩት የሴኔጋልና የደቡብ አፍሪካ ላቦራቶሪዎች ብቻ ናቸው።

ናሙናው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተላከ። ተማሪዎቹ ቦሌ ቀሩ።

እስቲ ያንን ክፍል እናስበው። እናት ትደውላለች። «ምን አሉህ ልጄ?» «ገና ነው እማዬ።» በማግስቱም ትደውላለች፤ መልሱ ያው ነው፦ «ገና ነው።» ሳል ቢመጣ ልጁ ይደነግጣል፤ ሳሉ ቢጠፋም አያምንም። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቡ ይሰቀላል።

ከቀናት በኋላ ውጤቱ መጣ። አራቱም ነጻ ነበሩ። ዜናው እዚያ ላይ አበቃ። እኛ ግን ዜናው ያለፋቸውን ቀናት ይዘን ተነሣን። ናሙና ከተሰጠበት ሰዓት ጀምሮ ውጤት እስኪነገር ድረስ ሰው እንዴት ይሰነብታል? ምንስ ያግዘዋል?

ምስል፦ የጤና ሚኒስቴር መግለጫዎች። ባዶ የቦሌ ጎዳና።

ተራኪ፦
መጋቢት 3 ቀን 2012 ዶክተር ሊያ ታደሰ የጤና ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በማግስቱ መጋቢት 4፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በቫይረሱ የተያዘ ሰው መገኘቱ ይፋ ሆነ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። ከዚያ ወዲህ አገር በሞላ ውጤት ጠባቂ ሆነ። የዕለቱ መግለጫ እስኪነበብ ቤተሰብ ቴሌቪዥን ከቦ ይቀመጥ ነበር፤ ስንት ተመረመረ፣ ስንት ተገኘበት፣ ስንት አገገመ።

ከውጭ የሚገባ መንገደኛ በራሱ ወጪ ሆቴል ገብቶ 14 ቀን እንዲቆይ ተወሰነ። ቦሌ የሚገኘው ስካይላይት ሆቴል ለዚሁ ከተመደቡት አንዱ ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለው ትንሣኤ በቦሌ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንም እንደ ወትሮው አልተከበረም። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ የሚያጥለቀልቀው ቅጥር ጭር አለ፤ ምእመናን በየቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን አስቀደሱ።

ምስል፦ ሚሌኒየም አዳራሽ፣ ከውጭ። ቀጥሎ የውስጥ ምስል፦ በመጋረጃ የተከፋፈሉ አልጋዎች።

ተራኪ፦
ይህን አዳራሽ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። የ2000 ዓ.ም. መባቻን ልንቀበልበት የተሠራ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ቢዮንሴ እዚህ መድረክ ላይ ዘፍናለች። ኤግዚቢሽኑም፣ ባዛሩም፣ የበዓል ዋዜማ ኮንሰርቱም እዚሁ ነው።

በግንቦት 2012 መጨረሻ አዳራሹ ከ1000 በላይ አልጋ የያዘ የኮቪድ ማዕከል ሆነ። ሥራውን የመራው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ጣራው ሥር አልጋው በረድፍ በረድፍ ተሰለፈ። በሥፍራው የሚንቀሳቀሰው ባለሙያ ከራስ እስከ እግሩ የተሸፈነ ነው፤ ማን እንደሆነ የሚታወቀው በድምፁና በቁመናው ብቻ ነው።

በጠና የታመመው ኦክስጅን ላይ ነው። ለእሱ ሰዓቱ በትንፋሽ ይቆጠራል። ከገቡት ብዙዎቹ ግን በጠና አልታመሙም። ይራመዳሉ፤ ይበላሉ፤ ስልክ ያወራሉ። እንዳይወጡ ያሰራቸው ወረቀት ነው። በዚያን ጊዜ በሚሌኒየም ማዕከል አንድ ሰው አገገመ የሚባለው፣ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት በተወሰዱ ሁለት ተከታታይ ናሙናዎች ቫይረሱ ሳይገኝበት ሲቀር ነበር። አንድ ነጌቲቭ አይበቃም ነበር። የመጀመሪያው ነጌቲቭ ሆኖ ሁለተኛው ፖዘቲቭ ከመጣ፣ ቆጠራው እንደገና ይጀመር ነበር።

ይህን ልብ እንበል። ሰውየው ደኅና ነው። ትኩሳቱ ጠፍቷል፤ ሳሉ ቆሟል። ጠዋት ከአፍንጫው ጥልቀት ናሙና ወሰዱለት። ማታ ጎረቤቱ ውጤቱ ተነገረውና ዕቃውን ሸከፈ። የእሱ ስም አልተጠራም። ናሙናው ጠፋ? ወይስ መጥፎ ሆኖ ነው? ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። በነጋታው «አንደኛው ነጻ ነው» ሲሉት ደስ ይለዋል፤ ደስታው ግን ሙሉ አይሆንም፤ ሁለተኛው ይቀራልና።

የማዕከሉ ሐኪሞች በመጀመሪያው ወር ከገቡት ውስጥ 360 ሕሙማንን ተከታትለው ጥናት አሳትመዋል። እስኪያገግሙ የፈጀው መካከለኛ ጊዜ 16 ቀን ነበር። 16 ቀን ማለት ግማሹ ከዚያ በላይ ቆይቷል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ለሐኪም የበሽታው ርዝመት ነው፤ አልጋው ላይ ለተኛው ሰው ግን «ዛሬ ይሆን?» እያለ የነቃባቸው ጠዋቶች ብዛት ነው። በዚያ መሀል በየአልጋው ዞረው «ናሙናህ ገብቷል፤ መልሱ ነገ ነው» ብለው ያረጋጉ ነርሶች ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። ያ አንድ ዐረፍተ ነገር ራሱ ሕክምና ነበር።

ምስል፦ የእጅ ጣቶች፣ የሚቆጠር መቁጠሪያ። ቀጥሎ ላቦራቶሪ።

ተራኪ፦
ለምን እንዲህ ይከብዳል? በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተሠራና እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2016 የወጣ ጥናት አለ። 45 ሰዎች በኮምፒዩተር ጨዋታ ድንጋይ እየገለበጡ ሥሩ እባብ መኖር አለመኖሩን ይገምታሉ። እባብ ካለ እጃቸው ላይ የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርሳቸዋል። ላባቸውና የዓይናቸው ብሌን ሲለካ፣ ከሁሉ በላይ የተጨነቁት ንዝረቱ የመድረሱ ዕድል እኩል በእኩል በሆነበት ጊዜ ነው። ንዝረቱ እንደማይቀር በእርግጠኝነት ባወቁበት ጊዜ ከዚያ የተሻለ ተረጋግተዋል። አበሻ «ቁርጤን ንገሩኝና ልረፍ» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

በካሊፎርኒያ ኬት ስዊኒ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ የጥብቅና ፈተና ወስደው አራት ወር ውጤት የሚጠብቁ ሰዎችን አጥንተዋል። ጭንቀትን በግድ ለማፈን መሞከር ብዙም አልረዳቸውም። ቀኑን ያቀለላቸው አሳብን ሙሉ በሙሉ የሚወስድ ሥራ ነበር።

ሌላም ትዝታ አለን። በ1990ዎቹ ለኤች አይ ቪ ደም የሰጠ ሰው እንደየቦታው ሁለት ሳምንት ያህል ይጠብቅ ነበር። ብዙዎች ውጤታቸውን ሳይወስዱ ቀሩ፤ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ነገሩን የቀየሩት በዚያው ቀን ውጤት የሚሰጠው ፈጣን ምርመራና በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት የጀመረው መድኃኒት ናቸው። የሚጠበቀው ሲያጥርና ከውጤቱ በኋላ ተስፋ መኖሩ ሲታወቅ፣ ሰው ደፍሮ መጣ።

ምስል፦ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ የአንድ የምርመራ ማዕከል ኮሪደር። ፊት አይታይም።

ተራኪ፦
ይህ ፕሮግራም ሲታዘዝ የወረርሽኙን ዘመን ብቻ እንዲተርክ ነበር። የዛሬውን ምስል ለመቅረጽ እዚህ ኮሪደር ስንገባ ግን ሰው ስለ ኮቪድ አላወራንም። ያወራን ስለ ባዮፕሲ፣ ከአካል ተቆርጦ ስለሚመረመር ናሙና ነው።

አንዲት እናት ተቀምጠው ዳንቴል ይሠራሉ። ኪሮሹ ይገባል፣ ክሩን ይስባል፣ ይወጣል። አንገታቸውን ቀና የሚያደርጉት ስም ሲጠራ ብቻ ነው። ስዊኒ በጥናት የደረሱበትን እኚህ እናት በእጃቸው ያውቁታል። «እቤት ስሆን አሳብ ይበላኛል» አሉን።

ናሙናቸው የት ነው ያለው? ከአካላቸው የተወሰደው ቁራጭ መጀመሪያ ፎርማሊን ውስጥ ይቀመጣል፣ እንዳይበላሽ። ቀጥሎ ውሃው ከውስጡ እንዲወጣ ተደርጎ በሰም ይተካል። ሰሙ ሲጠጥር ከ3 እስከ 5 ማይክሮን በሚደርስ ስስ ቁራጭ ይላጣል፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ያ ስስ ቁራጭ መስታወት ላይ ተለጥፎ ሮዝና ወይን ጠጅ ቀለም ይቀባል። ከዚያ ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ያነባል። ካልጠራለት ሌላ ቀለም ያዛል፤ የሥራ ባልደረባውንም ያማክራል። የትኛውም ደረጃ በችኮላ አይዘለልም። ስለዚህ ውጤት ዘገየ ማለት ክፉ ነው ማለት አይደለም። ይህን የነገራቸው እንዳለ ጠየቅናቸው። «ማንም» አሉ።

ቀረጻው ሊያልቅ ሲል ልጃቸው ወደ ጎን ጠራችን። ውጤቱ ደርሷል። የተቀበለችው እሷ ናት። ክፉ ነው። «እባካችሁ እናቴ እንዳትሰማ» አለችን። ወንድሞቿ ተማክረው «ከሰማች ትወድቃለች» ብለዋል። እናቲቱ ዳንቴላቸውን ይዘው ስማቸው እስኪጠራ ይጠባበቃሉ።

ምስሉን አቆምን። ፊታቸውንም፣ ድምፃቸውንም፣ ቤታቸውን የሚጠቁም ነገርም አላስተላለፍንም። ታሪኩን ግን ይዘነው ወጣን፤ የእኚህ እናት ብቻ አይደለምና።

ምስል፦ ጥቁር። ከዚያ የቦሌ መድኃኔዓለም ደጅ፣ ጠዋት።

ተራኪ፦
በባህላችን ክፉ ወሬ በዘፈቀደ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድና ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ በተዘጋጀበት ነው። ከዚህ የበለጠ ርኅራኄ ያለው ሥርዓት ጥቂት ነው። ግን መርዶ ይነገራል። ሥርዓቱ የተሠራው ለመንገር ነው፤ ለመደበቅ አልተሠራም። የላቦራቶሪ ውጤትን ግን እንደብቃለን። ታማሚው የልጆቹን ፊት እያነበበ፣ ሹክሹክታ እያዳመጠ፣ የሐኪሙን ዝምታ እየተረጎመ ይኖራል። ውጤት ሳይመጣ የሚጠብቅ ሰው ቢያንስ ማብቂያ አለው። ውጤቱ ተደብቆበት የሚጠብቅ ሰው ግን ማብቂያ የለውም። መታከም እያለበት፣ መወሰን እያለበት፣ የሚናገረውን መናገር እያለበት ጊዜው ያልፍበታል።

ስለዚህ ይህ ፕሮግራም የሚለው ይህን ነው።

ለጤና ተቋማት፦ ናሙና ስትወስዱ ቀንና ሰዓት ስጡ። ከዘገየ ቀድማችሁ ደውሉ። ናሙናው ምን ምን እንደሚደረግ በሁለት ዐረፍተ ነገር አስረዱ። ውጤቱንም በመስኮት በኩል በፖስታ አትወርውሩት፤ የሚያብራራ ሰው ይኑር።

ለምትጠብቁ፦ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ መቼ ይደርሳል? ማን ይነግረኛል? ከዚያስ ምን ይደረጋል? ብቻችሁን አትሂዱ። ወረቀቱን ታክሲ ውስጥ ብቻችሁን ለማንበብ አትሞክሩ። እጃችሁን ሥራ አስይዙት። ጸሎታችሁንም፣ ጠበላችሁንም፣ ቀጠሯችሁንም ያዙ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ለቤተሰብ፦ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ጠይቋቸው፤ «ውጤቱን ራስሽ መስማት ትፈልጊያለሽ? ወይስ እኛ እንቀበልልሽ?» ብላችሁ፣ ናሙናው ከመወሰዱ በፊት። አልሰማም ካሉ መብታቸው ነው። እሰማለሁ ካሉ ግን በማለዳ ተሰብሰቡና፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ፣ እጃቸውን ይዛችሁ ንገሯቸው። ውጤቱ የእሳቸው ነው።