አንድም ተማሪ ያላሳለፉት

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ከተፈታኞቹ እኩል ትምህርት ቤቶችም ይፈረድባቸዋል። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ብዙ ያነጋገረው ግን 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አለማሳለፋቸው ነው። «ምን ሲያስተምሩ ከረሙ?» ተባለ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከዚያ ቁጥር አይገኝም። ሁሉንም አሳለፉ ተብለው ከሚሞገሱት መካከል ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጎልተው ይታያሉ፤ እነሱ ደግሞ ተማሪ የሚቀበሉት በመግቢያ ፈተና አበጥረው ነው። የወረዳው ትምህርት ቤት የመጣውን ሁሉ ይቀበላል። በ2002 ዓ.ም. በተደረገ የንባብ ጥናት ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ይህን የመሰለ ጉድለት ከክፍል ክፍል ሲንከባለል ኖሮ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ዕዳው በመጨረሻው ትምህርት ቤት ላይ ይወድቃል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ስለቀረ፣ በመሐል ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ አገር አቀፍ ፈተና የለም።

መቁረጫው ራሱ ያሳስታል። ከ20 በመቶ በላይ የማያመጡ ልጆችን ተቀብሎ 45 ያደረሰ ትምህርት ቤት በዚህ ስሌት ዜሮ ነው፤ 80 ያመጡ የነበሩትን ይዞ 60 ላይ ያወረደው ግን መቶ በመቶ አሳለፈ ይባላል። የግል ትምህርት ቤት ባለቤቶችም ስሌቱ ይገባቸዋል፦ ስም ለመጠበቅ ቀላሉ መንገድ ደካማውን 11ኛ ክፍል ላይ «ሌላ ቦታ ይሻለዋል» ብሎ መሸኘት ነው።

ታዲያ ውጤቱ ይደበቅ? በፍጹም። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች የገባው ኩረጃ የቀድሞውን ውጤት ስላራከሰው ነው፤ በስንት መከራ የተገኘን እውነተኛ ቁጥር መልሶ መሸፈን ቂልነት ይሆናል። የጎደለው የመነሻው ቁጥር ነው። እንግሊዝ የትምህርት ቤቶችን ውጤት በ1992 እ.ኤ.አ. ማውጣት ጀምራ፣ ልጁ ሲገባ ከነበረበት ምን ያህል እንደተራመደ የሚለካ ስሌት ዋና መለኪያ ያደረገችው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው።

እኛ ዘንድ መነሻው አለ፤ ወላጆች ዛሬም «ሚኒስትሪ» የሚሉት የ8ኛ ክፍል ፈተና። የሚያወጡት ክልሎች በመሆናቸው የአንዱን 60 ከሌላው 60 ጋር ማስተያየት አይቻልም። በአንድ ክልል ውስጥ ግን የሚያግድ ነገር የለም፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተቀበላቸውን ልጆች የ8ኛ ክፍል ውጤት ከ12ኛው ጎን ማተም የክልሉ ትምህርት ቢሮ ሥራ ነው።