የአያት ሙዳይ ውስጥ የቆየችው የናስ ቁልፍ የማን ናት?

ባለፈው ጥምቀት ነፋስ መውጫ ደርሰን ስንመለስ፣ ከበሶውና ከቅቤው ጋር አንዲት የናስ ቁልፍ ይዘን መጣን። በር የሚከፈትባት ሳትሆን ኮት የሚቆለፍባት ናት። ከአያታችን ሙዳይ ስር በጨርቅ ተጠቅልላ ነው የተገኘችው።

«የአባቴ ናት። አርበኛ ነበር» አሉ እማማ።

ልጆቹ ግን ምልክቷን አዩና «ይህ የታሰረ እንጨት ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

የዘንግ እስርና ከመካከሉ ብቅ ያለ መጥረቢያ ነው። ከጥንታዊት ሮም የተወሰደ የፋሺስት ጣሊያን ዓርማ ሲሆን፣ «ፋሺስት» የሚለው ስምም የመጣው ከዚሁ እስር ነው። የጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ሚሊሻ ቁልፎች ላይ ይቀረጽ ነበር። ታዲያ አርበኛ ቤት ምን ትሠራለች?

እናንተም ቤት እንዲህ ያለች ቁልፍ ካለች በሎሚም በአመድም አትፈትጓት፤ ምልክቱ ይጠፋል። በለስላሳ ጨርቅ ጠርጋችሁ ከመስኮት አጠገብ ብርሃኑ በጎን እንዲያርፍባት አዘንብሏት። ዘውድ የደፋ፣ መስቀል ያለበት በትር የያዘ አንበሳ ካያችሁ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ናት። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ በሰንደቅ ዓላማው ላይ የነበረውን አንበሳ ዘውዱን አውልቆ መስቀሉን በጦር ተክቶታል፤ ስለዚህ የአንበሳው ራስ ላይ ትኩር በሉ። ነበልባል የሚወጣበት ቦምብ የጣሊያን ካራቢኒየሪ ምልክት ነው። በአንበሳና ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ መካከል ጋሻ ካለ ደግሞ የእንግሊዝ ናት። ጀርባዋንም ገልብጣችሁ እዩ፤ የፋብሪካ ስምና ከተማ ሊኖር ይችላል። ይህ ግን የተሠራችበትን እንጂ የለበሳትን አገር አይነግራችሁም። እኛ እዚህ ላይ ተሳስተን ነበር።

ወደ እማማ ጥያቄ እንመለስ። አብዛኛው አርበኛ መለዮ አልነበረውም፤ የለበሰው የአገር ልብሱን ወይም የማረከውን ነው። የደብረ ታቦሩ የጣሊያን ጦር በ1933 ዓ.ም. ክረምት፣ የጎንደሩም በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ ብዙ ንብረት በሰው እጅ ቀርቷል። ስለዚህ ኮቱ ምርኮ ሊሆን ይችላል፤ ከገበያ የተገዛም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛውን ግምት፣ ለጣሊያን ያደረ ሰው ልብስ ሊሆን እንደሚችል፣ እማማ ፊት ለመናገር አልደፈርንም። ራሳቸው አነሱት። «ባንዳ ነበር ልትሉኝ ነው?» አሉ።

ቁልፏ የየትኛው ጦር እንደነበረች እንጂ እንዴት ወደዚህ ቤት እንደገባች አትናገርም። እስቴ ለሚኖሩት ታላቅ ወንድማቸው ደወልን። ኮቱን ያስታውሱታል። እረኛ ሳሉ ለጋይንት ብርድ ይደርቡት ነበር፤ እጅጌው እስከ ጉልበታቸው ይደርስ እንደነበር እየሳቁ ነገሩን። አባታቸው ከየት እንዳመጡት ግን ጠይቀው አያውቁም።

እማማ ቁልፏን መልሰው በጨርቋ ጠቀለሏት።